ሁለተኛ ማርሽ ለምን ይጮሃል?

ባለፈው ክረምት ለቡ ሙዚቃ ቤት አካባቢ የአባቴ ላዳ ሁለተኛ ማርሽ አልገባም አለች። ገባስ ገባ፤ ግን ብረት ብረትን እየፋቀ፣ የመንገደኛውን ሁሉ አንገት እያዞረ ነው የገባው። አባቴ በዚህች መኪና ታክሲ ሠርቶ ነው ኢንጂነሪንግ ያስተማረኝ። አሁን ዓይኑ ስለደከመ አይነዳም። «ሽጣት» ይለኛል፤ ስሸጣት ማየት እንደማይፈልግ ግን አውቃለሁ።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ «የፍሪሲዮን ሸራ ነው» አለኝ። ሸራው ተቀየረ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ሳልርቅ ያው ጩኸት! ከዚያ ጎረቤታችን እዚያው ለቡ፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ላከኝ። ሰፈሩ «ጋሼ» ብቻ ነው የሚላቸው። ኮፈኑን እንኳን አልከፈቱም።

«ሞተሩን አስነሳ። ፍሪሲዮን ርገጥ፤ እስከ አምስት ቁጠር። አሁን የኋላ ማርሽ አስገባ።»

ያለ ድምፅ ገባ።

«ፍሪሲዮንህ ድሮም ጤነኛ ነበር፤ ገንዘብህን ነው የበሉህ፣ ልጄ። የሞተው የሁለተኛው ሲንክሮናይዘር ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው ይለያል። በላዳ ላይ ወደፊት የሚያስኬዱት አራቱም ማርሾች ሲንክሮናይዘር አላቸው፤ የኋላው የለውም። ስለዚህ ፍሪሲዮኑ በደንብ ካልለየ ቀድሞ የሚጮኸው የኋላ ማርሽ ነው። እሱ ዝም ካለና ሁለተኛው ብቻ ከጮኸ፣ ጥፋቱ ካምቢዮው ውስጥ ነው ማለት ነው። እኔ የፕሮግራም ስህተት ስፈልግ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝን ሥራ እሳቸው በአንድ ሙከራ ጨረሱት። ይህን ዘዴ ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸው «ረዳት ሆኜ» አሉኝ። ታሪኩን እንድከታተል ያደረገኝ ይህ መልስ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ ሲድሌይ መኪናውን አዲስ አበባ ድረስ ነድቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያመጣ፣ በዓለም ላይ ሲንክሮናይዘር የሚባል ነገር አልነበረም። በዚያ ዘመን ማርሽ የሚቀይር ሰው የሁለቱን ጥርሶች ፍጥነት በጆሮው ማመጣጠን ነበረበት፤ ካልሆነ ጥርሱ ይረግፋል። ካዲላክ ይህን ሥራ ለማሽኑ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ሁለቱ ጥርሶች ከመያያዛቸው በፊት አንድ ቀለበት እየተፋተገ ፍጥነታቸውን እኩል ያደርገዋል። ቀለበቱ ሲያልቅ መያዝ ያቅተውና ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል። ከተማ ውስጥ ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ ስንገባና ስንወጣ ስለምንውል ቶሎ የሚሞተውም እሱ ነው።

እኛ አገር ግን ነገሩ ከማሽንም ያልፋል። የጋሼን ጋራዥ ቋንቋ ስሙት። ካምቢዮ በጣሊያንኛ «መለወጥ» ነው፤ ፍሪሲዮን «መፋተግ»፤ ማርሽ ማርቻ ከሚለው፣ ማለትም ከ«ጉዞ»፤ ኩሽኔታ ደግሞ «ትንሽ ትራስ»። ቃላቱ በሰላም አልመጡም። በብዛት የገቡት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከመርዝ ጋዙና ከጦር ካሚዮኑ ጋር ነው። ጠላት ሲወጣ መኪናውና መፍቻው ቀረ፤ አንዳንድ ጣሊያናዊ የእጅ ባለሙያዎችም ቀሩ። ከእነሱ ጋር የሠሩ ልጆች ጣሊያንኛ ማንበብ ሳይችሉ ሙያውን በጆሮና በእጅ ወሰዱት። ቃሉም የእኛ ሆነ። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያመጣ፣ ያንን የመጨረሻ ዙር አፈትልኮ መውጣት የምንጠራበት ቃል ከጋራዥ ተገኘ፦ «ማርሽ ቀያሪው»።

በደርግ ዘመን ደግሞ ላዳ መጣች፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የከተማችን ታክሲ ሆነች። የሶቪየት መኪና ናት፣ ግን የዘር ሐረጓ ወደ ቱሪን ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ1966 ሶቪየት ኅብረት ከፊያት ጋር ተዋዋለች፤ በ1970 ፊያት 124ን መሠረት ያደረገችው የመጀመሪያዋ ሞዴል ከፋብሪካው ወጣች። ፋብሪካው ያለበት ከተማ እንኳን ቶሊያቲ የሚባለው በጣሊያኑ ኮሚኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም ነው። እንግዲህ ጋሼ የላዳን ዕቃ በጣሊያንኛ ሲጠሩ፣ ሳያውቁት በትክክለኛ ስሙ እየጠሩት ነበር።

ካምቢዮውን ስናወርድ እኔ ነበርኩ ረዳቱ። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ተፈታ፣ ካምቢዮው በሁለት ሰው ጉልበት ወረደ። አሮጌው ዘይት ሲቀዳ የብረት ብናኝ እንደ ብር ቀለም ያብለጨልጭ ነበር። ጋሼ ዘይቱን በጣታቸው መሃል አሹት፤ ከዚያ የሁለተኛውን ቀለበት አውጥተው ከአዲሱ አጠገብ አስቀመጡልኝ። የአዲሱ ውስጠኛ መስመሮች ጥፍር ይይዛሉ፤ የአሮጌው እንደ ብርጭቆ ለስልሷል። በቃ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ይህ ነው።

የምሠጋው ግን ለዚህች መኪና ብቻ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ በአብዛኛው አንድ የማይቀየር ማርሽ ይበቃዋል። ፍሪሲዮን የለውም፤ ወደ ኋላ ለመሄድ ሞተሩ በተቃራኒው ይዞራል። እኔ ለውጡን አልቃወምም፤ ጭስ የሚናፍቅ ሰው የለም። ግን ጋሼ የሚያውቁት ነገር የትም አልተጻፈም። እኛ ሶፍትዌር ቤት አንድ ሠራተኛ ብቻ የሚያውቀው ሲስተም ካለ፣ ያ ሰው ሳይለቅ ቶሎ ጻፉት እንባባላለን። ለመካኒኮቻችን ይህን ያለ ማነው? አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ይዤ እሄዳለሁ። የጋሼ የመጀመሪያ ሙከራ፣ ያ እስከ አምስት መቁጠሩ፣ ገጽ አንድ ላይ ነው።

መኪናዋ ያለቀች ቀን አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ ነዳሁ። ሁለተኛ ስገባ ዝም፣ ሦስተኛ ዝም። ብዙ ቆይቶ «ዘይት ስንት ጨመራችሁ?» አለኝ። 1.35 ሊትር፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ አልኩት።

«እኛ በጣት ነበር» አለ። «መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ጎኗ ያለውን ቡሎን ፈትተህ ጣትህን ታስገባለህ። ዘይቱ የቀዳዳውን ከንፈር ከነካ በቃ።»

ቤት ስደርስ መጽሐፉን ገለጥኩ። ልኩ ያው ነው፦ እስከ ቀዳዳው ከንፈር። እሱንም ጻፍኩት።