የአዳም ልብስ በላስታ

በላስታ፣ ላሊበላ ከዐለት ከተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ጎልጎታ በስተ ምዕራብ፣ ጥልቅ ተደርጎ በተቆፈረው ቦይ ውስጥ አንድ ባለ አራት ማዕዘን ዐለት ቆሟል። የላሊበላ ሰው «የአዳም መቃብር» ይለዋል። ሥሩ ተፈልፍሎ መግቢያ ስለሆነ ተሳላሚ በእሱ አልፎ ይሄዳል። ጎልጎታ የራስ ቅል ስፍራ ማለት ነው፤ በአባቶች ትውፊት የአዳም ራስ ቅል ያረፈው ከጌታ መስቀል ሥር ነው።

ስለ ሰው ገላና ስለ ሥነ ጥበብ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምንጠራው ግሪክንና ፍሎረንስን ነው። ማይክል አንጀሎ ዳዊትን ከእብነ በረድ ሲያወጣው (ከ1501–1504 እ.ኤ.አ.) እንደ ግሪክ ጀግኖች ዕርቃኑን አቆመው። በቤተ ጎልጎታ ግድግዳም የሰው ቁመት ያላቸው ቅዱሳን ከዐለቱ ወጥተው ይታያሉ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ጥበብ እጅግ ብርቅ ነገር ነው። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ፣ በጧፍ ብርሃን መጀመሪያ የሚለየው የቀሚሳቸው ርዝመት ነው። ጠራቢው ገላን መቅረጽ አቅቶት አይመስለኝም። መርጦ ነው ያለበሳቸው።

የግሪክ ተረት እኛ ዘንድ ሳይደርስ ቀርቶም አይደለም። «ፊሳልጎስ» የተባለው የፍጥረታት መጽሐፍ ጥንት ከግሪክ ወደ ግእዝ ተመልሷል፤ ከአመዷ የምትነሣው ወፍ፣ እኩሌታቸው ሰው እኩሌታቸው አውሬ የሆኑ ፍጥረታትም አሉበት። እዚያው ላሊበላ ባለው የቤተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች መካከል ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ፤ ነጭና ጥቁር በሬዎችም ይዋጋሉ። እንግዳው አውሬ ቤተ መቅደስ ገብቷል። ዕርቃን ገላ ግን በሩ ላይ ቀርቷል።

ምክንያቱ ያለው የአዳም ታሪክ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። በእኛ ትምህርት አዳምና ሔዋን ከመበደላቸው በፊት የለበሱት ልብሰ ብርሃን ነበር፤ ዕርቃን የሆኑት እሱን ሲያጡ ነው። ግሪካዊው በዕርቃን ውስጥ ሙሉ ውበት ሲያይ፣ የላስታው ሠዓሊ የጎደለ ልብስ ያያል። በትንሣኤ ሥዕል ጌታ አዳምንና ሔዋንን በእጃቸው ይዞ ከሲኦል ሲያወጣቸው በአብዛኛው ለብሰው የምናያቸውም ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ ቅዱስ ብቻ ይህን ሁሉ ይፈትነዋል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጨርቅ አልለበሱም። ሠዓሊው ጸጉራቸውን ከአንገት እስከ እግር ድረስ በቀጫጭን መስመር እየደረደረ ያወርደዋል፤ ግራና ቀኝ አንበሶችና ነብሮች ይቆማሉ፤ አንዲት ወፍ ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። ዕርቃናቸውን ናቸው፤ ግን ከገላቸው የሚታየው ፊት፣ እጅና እግር ብቻ ነው።

የአዳምን መቃብር አልፎ ወደ ውስጥ የሚገባ ወንድም (ሴቶች ወደ ቤተ ጎልጎታ አይገቡም) ጫማውን ደጃፉ ላይ ትቶ፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ በባዶ እግሩ ዐለቱን ይረግጣል።