አራዳ ሰፈር ነበር

አንዲት የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ አራዳ የሚለው ቃል ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ስለረዘመብኝ እዚሁ ልጻፈው።

አራዳ መጀመሪያ የቦታ ስም ነው። አዲስ አበባ፣ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን አካባቢ የነበረው የምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ አራዳ ይባል ነበር። ነጋዴው፣ ሹሙ፣ ፈረንጁ፣ ከየአገሩ የመጣው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። እቴጌ ጣይቱ ሆቴልም የተሠራው እዚያው ሰፈር ነው። እንግዲህ በዚያ ግርግር ውስጥ ያደገ ልጅ ዋጋ ያውቃል፣ ሰው ያነባል፣ በቀላሉ አይሸወድም። «የአራዳ ልጅ» ተባለ። ቆይቶ «የ»ም «ልጅ»ም ወደቁና ሰውየው ራሱ አራዳ ሆነ።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን (1928–1933) ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ የዛሬው መርካቶ ነው። የድሮው ሰፈር እምብርት ደግሞ ፒያሳ ተባለ። ገበያው ሄደ፣ ስሙ ግን ሰው ላይ ቀረ! (ክፍለ ከተማውን ሳንረሳ።)

ትርጉሙም ሲገለባበጥ ኖሯል። «ተጠንቀቅ፣ አራዳ ነው» ካሉህ ብልጣብልጥ ማለት ነው። የባጃጅ ሒሳብ ሳያስታውቅ የከፈለልህን ጓደኛህንም «አራዳ ነህ በቃ» ትለዋለህ። ይሄኛው እኔ የምወደው ነው።

«ባላገር»ን ደግሞ ተመልከቱ። ባለ አገር፣ የአገር ባለቤት ማለት ነበር፤ ከተሜው ስድብ አደረገው። እንግሊዞችም «ቪላን» የሚሉት ክፉ ሰው መነሻው የገጠር እርሻ ሠራተኛ ነው። ቃል የሚያወጣው ከተሜው ስለሆነ መሰለኝ ገጠሬው ሁሌ የሚሸነፈው።

የኛዋ ሐረር ግን ከሁሉም ትቀድማለች። ሐረሪው ከተማውን «ጌይ»፣ ቋንቋውን «ጌይ ሲናን»፣ ራሱን «ጌይ ኡሱእ» ይላል፤ የከተማ ሰው እንደማለት ነው። አሚር ኑር ጀጎልን ያሳጠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879። በዚህ ሒሳብማ የአዲስ አበባ ልጅ እኛን ፋራ ሊል አይገባም ነበር 😄

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ክፍል ውስጥ በምሰማው ነገር ነው። ከገጠር የመጣ ልጅ አማርኛው ትንሽ ሲሰበር ከኋላ «ፋራ!» ይሉታል። ከዚያ ወዲያ እጁን አያወጣም። ያ ልጅ እኮ ቤቱ በኦሮምኛ ያወራል፣ ጀጎል ገብቶ በሐረሪ ይገበያያል፣ ፈተናውን በእንግሊዝኛ ይሠራል። ያኔ አራዳ ገበያ ቢወለድ ኖሮ ምን ይሉት ነበር?

እናንተ ሰፈር ለፋራ ሌላ ቃል አለ? ጻፉልኝ፣ እየሰበሰብኩ ነው።