ከምትሐታዊ ፋኖስ እስከ ዲጂታል ፍሬም፦ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ትርኢት ታሪክ

በሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የቤተሰብን ፎቶግራፎች በየተራ የሚያሳየው ዲጂታል የፎቶ ፍሬም፣ ማለትም ጠፍጣፋ ስክሪንና ምስል የሚያከማች ሚሞሪ ያለው አነስተኛ መሣሪያ፣ የቅርብ ጊዜ ሥራ ቢሆንም የዘር ሐረጉ ከ350 ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ይመዘዛል። ሆላንዳዊው ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ እ.ኤ.አ. በ1659 አካባቢ የሠራው «ምትሐታዊ ፋኖስ» በመስተዋት ላይ የተሣለን ሥዕል በመብራትና በሌንስ አጉልቶ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፍ ሲሆን፣ በኋላም በየአገሩ እየዞሩ ትርኢት ያሳዩ የነበሩ ባለሙያዎች መስተዋቶቹን በእጃቸው እየቀያየሩ ታሪኩን በቃላቸው ይተርኩ ስለነበር፣ ምስልና ትረካ አብረው የሚሄዱ ጥንዶች ሆነው ኖረዋል።

ይህ ልማድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ ቤተሰቦች ሳሎን ውስጥ ሥር እንዲሰድ ካደረጉት መካከል በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ የሚገኘው የኮዳክ ኩባንያ ግንባር ቀደም ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1935 ኮዳክሮም የተባለውን ባለቀለም ፊልም፣ በ1961 ደግሞ ካሩሰል የተባለውን የስላይድ ፕሮጀክተር ለገበያ አቀረበ። ስላይድ የሚባለው በትንሽ ክፈፍ የታሰረ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፊልም ቁራጭ ነው፤ ካሩሰልም 80 ስላይዶችን በክብ ትሪ ይዞ እያንዳንዱን በራሱ ክብደት ወደ መብራቱ እንዲወርድ ስለሚያደርግ፣ ትርኢቱ ሳይቆራረጥ ይቀጥል ነበር። መብራት ጠፍቶ ቤተሰቡና እንግዶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ፣ ስላይዱን የሚያሳየው ሰው የሥፍራውን ስም፣ የሰዎቹን ዝምድናና የዕለቱን ገጠመኝ ያስረዳ ነበር።

የዲጂታሉ ዘመን መነሻ በዚያው ኩባንያ ውስጥ ይገኛል። የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው ካሜራ፣ ፒክስል በሚባሉ 10,000 ነጥቦች ብቻ የተዋቀረን ጥቁርና ነጭ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፤ ምስሉ የታየውም በቴሌቪዥን ነበር። በ1992 ጄፔግ የተባለው ምስልን አጥብቆ የማከማቻ ደንብ ሲጸድቅ ፎቶግራፍን ማስቀመጥና መላክ ቀለለ፤ በ2000 ገደማ የወጣው ሴይቫ የተባለ ፍሬምም ሌሊት በስልክ መስመር እየደወለ፣ ርቀው የሚኖሩ ዘመዶች የላኳቸውን አዳዲስ ምስሎች ይቀበል ነበር። ኮዳክም በ2004 የስላይድ ፕሮጀክተር ማምረት አቆመ።

በዚህ ሽግግር ውስጥ የተገኘው ጥቅም ብዙ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ምስሎች በአንድ ትንሽ ካርድ ይቀመጣሉ፣ ጨለማም ሆነ ሸራ አያስፈልግም፣ በባሕር ማዶ ያለ ልጅ የላከው ፎቶ በዕለቱ ከእናቱ ቤት ይደርሳል። የቀረው ግን ተራኪው ነው። ካሜራው ቀኑንና ሰዓቱን በምስሉ ፋይል ውስጥ ቢመዘግብም፣ በጋቢ ተጠቅልለው የተቀመጡት አዛውንት ከቤተሰቡ ጋር በየት በኩል እንደሚዛመዱ ወይም ያ ቀን ለምን የደስታ ቀን እንደነበር አይናገርም፤ ይህን የሚያውቁት ሰዎች ሲያልፉም ፍሬሙ ስማቸው የማይታወቅ ፊቶችን እያፈራረቀ ያሳያል። በርካታ የፎቶ ፕሮግራሞች በምስሉ ፋይል ውስጥ መግለጫ ለመጻፍ ስለሚያስችሉ፣ ቤተሰቦች ፎቶግራፎቻቸውን ወደ ፍሬሙ ከመጫናቸው በፊት ታላላቆቻቸውን ጠይቀው ስምን፣ ሥፍራንና ምክንያትን ቢመዘግቡ፣ ለልጆቻቸው ከምስሉ ጋር ታሪኩንም ያወርሳሉ።