ከረቂቅ እስከ መጽሐፍ፦ የልብ ወለድ እርማት ታሪክ

አንባቢ አንድን ልብ ወለድ በእጁ ሲይዝ የሚያየው የመጨረሻውን ጽሑፍ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የተሠረዘው፣ የተቀደደውና እንደገና የተጻፈው ሁሉ ከዓይኑ የተሰወረ ነው። በዚህም የተነሣ ስለ ድርሰት ሥራ አንድ የተሳሳተ እምነት ሥር ሰዶ ይኖራል፤ ይኸውም ታላቅ ደራሲ ማለት መንፈሱ በተነሣሣ ሰዓት ብዕሩን አንሥቶ እርማት የማያሻው ነገር የሚጽፍ ሰው ነው የሚለው ነው። የዚህ እምነት ጉዳት ቀላል አይደለም። ጀማሪው ደራሲ የመጀመሪያ ረቂቁን መልሶ ሲያነበው ደካማ ሆኖ ቢያገኘው፣ የረቂቁን ድካም የራሱ ተሰጥዖ ጉድለት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ወይ ብዕሩን ይጥላል፣ ወይም ጉድለቱን እያወቀ ጽሑፉን እንዳለ ወደ ማተሚያ ቤት ይልከዋል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ሥነ ጽሑፉ ነው።

ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል። ከ19ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የብዙ ደራስያን ረቂቆች በቤተ መጻሕፍትና በቤተ መዘክር ተጠብቀው ስለቆዩ፣ ታላላቅ የሚባሉት ልብ ወለዶች በምን ዓይነት መንገድ እንደተገኙ ገጽ በገጽ መከታተል ይቻላል። እዚህ የሚታየው የሦስት ደራስያን፣ የፈረንሳዊው የጉስታቭ ፍሎቤር፣ እንዲሁም የሩሲያውያኑ የፊዮዶር ዶስቶየቭስኪና የሌቭ ቶልስቶይ ልምድ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ሲሆኑ፣ የሩሲያዎቹ ቀኖች በዘመኑ በዚያ አገር ይሠራበት በነበረው በአሮጌው አቆጣጠር ናቸው።

እርማት በራሱ ለኢትዮጵያ የጽሑፍ ባህል እንግዳ አይደለም። ቁም ጸሐፊው በብራና ላይ የተሳሳተውን ፊደል በስለት ፍቆ በስፍራው ትክክለኛውን ይጽፋል፤ የዘለለውንም ቃል በመሥመሮች መካከል ወይም በኅዳግ ያስገባል። ይሁን እንጂ ቁም ጸሐፊው የሚያርመው ከፊቱ ካለው መጽሐፍ ጋር እያመሳከረ ነው። የልብ ወለድ ደራሲ ግን የሚያመሳክርበት መጽሐፍ የለውም። ጽሑፉ ሊሆን የሚገባውን የሚያውቀው ራሱን ጽሑፉን ደጋግሞ በመሥራት ነው። የልብ ወለድ እርማት ከሌላው እርማት ሁሉ የሚከብድበትም ምክንያት ይኸው ነው።

በጆሮ መመዘን

በሴፕቴምበር 1849 ፍሎቤር «የቅዱስ እንጦንስ ፈተና» የተባለውን ድርሰቱን ጨርሶ ሁለቱን ወዳጆቹን፣ ሉዊ ቡዬንና ማክሲም ዱ ካንን፣ በሩዋን ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው የክሩዋሴ ቤቱ ጠራቸው። ለአራት ቀናት ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ዱ ካን ከብዙ ዓመታት በኋላ በትዝታ መጽሐፉ እንደተረከው፣ ንባቡ ሲያበቃ ሁለቱ የሰጡት ፍርድ ድርሰቱ ወደ እሳት እንዲጣልና ስሙ ዳግመኛ እንዳይነሣ የሚል ነበር። ፍሎቤር እጅግ አዘነ፤ ነገር ግን ረቂቁን አላቃጠለውም። ልኩን ያላወቀው የቃላት ጎርፍና ራሱን በየገጹ የመግለጽ ፍላጎቱ ድርሰቱን እንዳሰጠመው ከጊዜ በኋላ ተረዳ።

በ19 ሴፕቴምበር 1851 «ማዳም ቦቫሪ»ን ሲጀምር የመረጠው ርእስ የዚያ ተቃራኒ ነበር፤ በአንዲት አነስተኛ የገጠር ከተማ የምትኖር የሐኪም ሚስት ታሪክ። መጽሐፉ የተፈጸመው በኤፕሪል 1856 ነው። አራት ዓመት ከሰባት ወር ማለት ነው። በሩዋን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት የዚህ መጽሐፍ ንድፎች፣ ረቂቆችና ቅጂዎች በጠቅላላ ከ4,000 ገጽ በላይ ሲሆኑ፣ በገዛ እጁ የጻፈው የመጨረሻው ቅጂ 500 ቅጠል አይሞላም። አሠራሩም ከረቂቆቹ በግልጽ ይታያል። በመጀመሪያ የምዕራፉን ንድፍ በአጭሩ ያሰፍራል፤ ቀጥሎ ኅዳጉ ሳይቀር እስኪሞላ ድረስ አስፍቶ ይጽፋል፤ ከዚያም እየሠረዘ፣ ገጹን በሙሉ በሌላ ወረቀት ላይ እንደገና እየጻፈ፣ ዳግመኛ እየሠረዘ ይሄዳል። ስለዚህ የፍሎቤር እርማት በአብዛኛው መቀነስ ነበር። የሚሠርዘውም የበዛ ንጽጽር፣ በአንድ አንቀጽ ውስጥ የተደጋገመ ቃል፣ እንዲሁም ደራሲው በባለ ታሪኮቹ ላይ የሚሰጠውን የራሱን ፍርድ ነበር። ለሉዊዝ ኮሌ በጻፋቸው ደብዳቤዎች እንደገለጸው፣ ደራሲ በድርሰቱ ውስጥ በሁሉም ስፍራ ሊኖር፣ በየትም ግን ሊታይ አይገባውም።

የእርሻ ትርዒቱ ምዕራፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንድ ወገን ሹማምንት ስለ ከብትና ስለ ፍግ ንግግር ያደርጋሉ፤ በሌላው ወገን ሮዶልፍ ኤማን በፍቅር ቃል ያማልላል። ፍሎቤር በዚህ አንድ ትርዒት ላይ በ1853 ለወራት ደክሟል። የድካሙ ፍሬም የሁለቱ ድምፆች መፈራረቅ ነው። የሽልማቱ ዐዋጅ የፍቅሩን ቃል እየቆረጠ ሲገባ፣ ደራሲው አንዲት የፌዝ ቃል ሳይጨምር የሮዶልፍ ከንቱነት ይጋለጣል።

ፍሎቤር ዐረፍተ ነገሩን የሚፈትነው በጆሮው ነበር። የጻፈውን በክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደ በከፍተኛ ድምፅ ያነብበዋል፤ ለትንፋሽ የማይመች ወይም ለጆሮ የሚሻክር ሲሆን ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። እሑድ እሑድ ደግሞ በሳምንቱ የጻፈውን ለቡዬ አንብቦ አስተያየቱን ይቀበላል። ይህ ልማድ የቅኔ ቤትን ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት በቃል ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱን፣ ምሥጢሩንና ዜማውን ሰምቶ ያርመዋል። በዓይን ሲታይ ያለፈ ስሕተት በጆሮ ሲሰማ ይያዛል።

ወዳጆቹ የፈረዱበት «የቅዱስ እንጦንስ ፈተና»ም ተጥሎ አልቀረም። ፍሎቤር በ1856 አሳጥሮ ጻፈው፤ ኋላም እንደገና ሠርቶ በ1874 አሳተመው። ከመጀመሪያው ንባብ እስከ ኅትመቱ 25 ዓመት ሞልቶ ነበር።

የተቃጠለው ረቂቅ

ፍሎቤር ከአባቱ የወረሰው ሀብት ስለነበረው ለመዘግየት ይችል ነበር። ዶስቶየቭስኪ ግን ይህ ዕድል አልነበረውም። በ1864 ወንድሙ ሚኻይል ሞተ፤ በ1865 «ኤፖኻ» የተባለው መጽሔታቸው ተዘጋ፤ ዕዳው ሁሉ በእርሱ ላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር በቪስባደን ከተማ በቁማር ገንዘቡን አጥቶ በሆቴል ውስጥ ለዕለት ምግብ ተቸግሮ ሳለ፣ «ሩስኪ ቬስትኒክ» ለተባለው መጽሔት አዘጋጅ ለካትኮቭ ስለ አንድ ነፍሰ ገዳይ ተማሪ የሚተርክ ልብ ወለድ እንደሚጽፍ ገልጾ ቅድሚያ ክፍያ ለመነ። «ወንጀልና ቅጣት» የተጀመረው በዚህ ሁኔታ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ የተጻፈው በነፍሰ ገዳዩ አንደበት፣ እንደ ኑዛዜ ሆኖ ነበር። በኖቬምበር 1865 መጨረሻ ብዙ ክፍል ተጽፎ ተዘጋጅቷል። ዶስቶየቭስኪ ግን በፌብሩዋሪ 1866 ለወዳጁ ለቭራንጌል በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጸው፣ አዲስ ቅርጽና አዲስ ንድፍ ስለማረከው ያን ሁሉ አቃጥሎ እንደገና ጀመረ። ባለ ዕዳዎች በሩን የሚያንኳኩበት፣ በየገጹ ብዛት የሚከፈለው ሰው፣ ለሽያጭ የተዘጋጀ ጽሑፍ በገዛ እጁ ወደ እሳት መክተቱ ምን ያህል ውሳኔ እንደሚጠይቅ ለመገመት አያዳግትም።

ውሳኔው ግን በስሜት ብቻ የተወሰደ አልነበረም። ተጠብቀው የቆዩት የማስታወሻ ደብተሮቹ ደራሲው የተራኪውን ጉዳይ እንዴት አድርጎ እንደመረመረ ያሳያሉ። ኑዛዜ ይሁን? የዕለት ማስታወሻ ይሁን? ሰውየው ለምን እንደሚጽፍስ በምን ይታወቃል? በመጨረሻም ታሪኩ በሦስተኛ ሰው እንዲተረክ፣ ተራኪው ግን ከራስኮልኒኮቭ ለአንድ ደቂቃም እንዳይለይ ወሰነ። በዚህም ኑዛዜው ሊሰጠው ያልቻለውን ነገር አገኘ። አንባቢው ከነፍሰ ገዳዩ ሐሳብ ሳይርቅ፣ ነፍሰ ገዳዩ ስለ ራሱ የማያውቀውን ለማየት ቻለ። ከዚህም በላይ «ሰካራሞቹ» በሚል ርእስ ለብቻው ሊጽፈው አስቦት የነበረው የማርሜላዶቭ ቤተሰብ ታሪክ በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ስፍራ አገኘ። ልብ ወለዱ ከጃንዩዋሪ 1866 ጀምሮ በመጽሔቱ ላይ በተከታታይ ወጣ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የእርማትን ቅደም ተከተል የሚመለከት ነው። የተራኪው ማንነት የተሳሳተ እንደሆነ፣ የቃላት ማስተካከያ አንዳች አይረዳም። ዶስቶየቭስኪ ያንን ረቂቅ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ቢያርመው ኖሮ የሚያገኘው ቋንቋው የጠራ፣ መሠረቱ ግን የተዛባ መጽሐፍ በሆነ ነበር።

ከየት ይጀመር?

ቶልስቶይ የገጠመው ችግር የመነሻ ችግር ነበር። «ጦርነትና ሰላም» ከመወለዱ በፊት ያሰበው ከሳይቤሪያ ግዞት በ1856 ስለሚመለስ አንድ ሰው ለመጻፍ ነበር። ሰውየውን ለመረዳት ወደ 1825ቱ ዐመፅ፣ ከዚያም ወጣትነቱን ወዳሳለፈበት ወደ 1812ቱ ጦርነት፣ በመጨረሻም ወደ 1805 ተመለሰ። በ1863 ሥራውን ከጀመረ በኋላም መክፈቻውን ብቻ 15 ጊዜ ያህል እየለዋወጠ ጽፎታል። የመጀመሪያው ክፍል በ1865 «1805» በሚል ርእስ ታተመ፤ መጽሐፉ በሙሉ የተፈጸመው ግን በ1869 ነው። ባለቤቱ ሶፊያ አንድሬየቭና ልጆቿን አስተኝታ ሌሊት ሌሊት ረቂቁን በንጹሕ ትገለብጥ ነበር፤ በማግሥቱ ንጹሑ ቅጂ በሥረዛና በጭማሪ ተሞልቶ ይመለስላታል። የማተሚያ ቤት ማረሚያ ገጾችም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም፤ ኅትመቱን የሚከታተለው ባርቴኔቭ በዚህ ዓይነት ሥራው መቼም አያልቅም ብሎ እስኪያማርር ድረስ ደርሷል።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን «ትንሣኤ» ነው። የታሪኩን ፍሬ ነገር ቶልስቶይ የሰማው በ1887 ከሕግ ባለሙያው ከኮኒ ሲሆን፣ በ1889 መጻፍ ጀምሮ ደጋግሞ አቋርጦታል። በ1895 የተዘጋጀው ረቂቅ ልዑል ኔኽልዩዶቭ ያሳታትን ካትዩሻን በማግባት ይፈጸም ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በዕለት ማስታወሻው ላይ ድርሰቱ ለምን አልሄድ እንዳለው እንደገባው ጻፈ፦ አጀማመሩ ውሸት ነበር፤ መጀመር የሚገባው ከእርስዋ ነው። በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ካትዩሻ ከወህኒ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ስትወሰድ አስቀድማ እናያታለን። መነሻው ሲለወጥ መድረሻውም ተለወጠ፤ የታተመችው ካትዩሻ የልዑሉን ምሕረት ሳትፈልግ ጋብቻውን እምቢ አለች። በመጀመሪያው ረቂቅ የአንድ መኰንን ጸጸት ማስረጃ ብቻ የነበረችው ሴት በእርማት ኃይል የራስዋ ፈቃድ ያላት ሰው ሆነች።

የእርማት ወሰን

ይህ ሁሉ ሲባል እርማት በዓመታት ብዛት ይለካል ማለት አይደለም። ዶስቶየቭስኪ በ1 ኖቬምበር 1866 አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ አሳታሚው ስቴሎቭስኪ ሥራዎቹን ለዘጠኝ ዓመት ያለ ክፍያ እንዲያትም የሚፈቅድ ውል ፈርሞ ስለነበር፣ «ቁማርተኛው»ን በ26 ቀን ውስጥ ለአጭር ጽሕፈት ባለሙያዋ ለአና ስኒትኪና በቃል እየተናገረ አጻፈው። ነገር ግን የታሪኩ ሐሳብ ከ1863 ጀምሮ በአእምሮው ውስጥ ነበር። በእነዚያ ጥቂት ቀኖችም ቢሆን አና ሌሊት ገልብጣ ያመጣችውን በማግሥቱ አንብቦ ያርም ነበር።

በሌላ በኩል እርማት ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ቶልስቶይ በ1873 እትም ላይ የ«ጦርነትና ሰላም»ን የፍልስፍና ምዕራፎች ከየቦታቸው አንሥቶ በመጨረሻ አከማቻቸው፤ በፈረንሳይኛ የነበሩትንም ንግግሮች ወደ ሩሲያኛ መለሳቸው። በ1886 የወጣ እትም ግን የቀድሞውን አቀማመጥ መልሶታል። የታተመና አንባቢ የተቀበለው መጽሐፍ የደራሲው ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ደራሲ ራሱ የሚያደርገው እርማትና ሌላ እጅ የሚያደርገው ቅነሳም ሊምታቱ አይገባም። «ማዳም ቦቫሪ» በ1856 በ«ሬቩ ደ ፓሪ» ሲወጣ አዘጋጆቹ የሠረገላውን ትርዒት አወጡት፤ ፍሎቤር በዚያው መጽሔት ላይ ተቃውሞውን አሳተመ፤ በ1857 ፍርድ ቤት ነጻ ካደረገው በኋላ በወጣው መጽሐፍም ትርዒቱን መለሰው። «ትንሣኤ»ም በ1899 በሩሲያ የታተመው በሳንሱር ተቆራርጦ ነው፤ ሙሉው የታተመው በእንግሊዝ አገር ነበር። ለራሱ ምሕረት የማያውቀው ፍሎቤር አራት ሺህ ገጽ ሲያጠፋና ሲያቀና ኖሮ ለአንዲት ትርዒት ከአዘጋጅ ጋር መጣላቱ እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር አይደለም። የራሱ ሥረዛ ድርሰቱን ወደ ራሱ እውነት ሲያቀርበው፣ የሌሎቹ ሥረዛ ከዚያ እውነት ያርቀው ነበር።

በጠቅላላው ሲታይ የሦስቱ ደራስያን ረቂቆች አንድ የሥራ ቅደም ተከተል ያመለክታሉ። በመጀመሪያ የሚመረመረው ታሪኩን የሚተርከው ማን እንደሆነና ከየት እንደሚጀመር ነው። ከዚያ በኋላ የትርዒቶቹ አቀማመጥ፣ በመጨረሻም የዐረፍተ ነገሩ ጥራትና ድምፅ ይከተላል። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ደራሲ ነገ የሚፈርሰውን ግድግዳ ዛሬ ቀለም ይቀባል። የመጀመሪያ ረቂቁ ደካማ ሆኖ ያገኘው ደራሲም ፍሎቤር በ1849፣ ዶስቶየቭስኪ በ1865፣ ቶልስቶይ በ1895 በቆሙበት ስፍራ መቆሙን ቢያውቅ፣ ብዕሩን የሚያስጥለው ምክንያት አይኖረውም።