ፊደሉን ቤቱ ትቶ የሄደ ጽሑፍ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ጽሑፍ ያስተየበ ሰው ይህን አይረሳውም። የመመረቂያ ጽሑፉን አንዱ ጽሕፈት ቤት አስተይቦ በፍሎፒ ዲስክ ይይዝና ለእርማት ሌላው ዘንድ ይሄዳል። ፋይሉ ይከፈታል፤ አማርኛው ግን የለም። ገጹን የሞላው ጭረትና ነጥብ የተጫነበት የፈረንጅ ፊደል ነው። አንዱ «ቫይረስ በልቶታል» ይላል፤ ሌላው «ዲስኩ ነው የተበላሸው» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ቁጥሩ ነው፤ መልኩ ያለው ሌላ ቦታ፣ ማሽኑ ላይ በተጫነው ፎንት ውስጥ ነው። በላቲኑ 65 ቁጥር «ኤ» መሆኗን ዓለም ተስማምቶበታል። በግዕዙ ስምምነት አልነበረም። ያኔ ፕሮግራሞቹ ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ይመድቡ ነበርና የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ 20ዎቹ አኃዞችና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ያልፉታል። እንግዲህ እያንዳንዱ ባለሙያ በገዛ ቤቱ መላ መታ። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው እግሩንና ቀለበቱን ለይቶ እየቀጠለ አገጣጠመው።

የሚናቅ ሥራ አልነበረም። በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ኮምፒውተር በግዕዝ ፊደል እንዲጽፍ ፕሮግራም ሠርተዋል። በኋላም እነ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ መጡ። ሁሉም በየቤታቸው በደንብ ይጽፋሉ። ጎረቤት ሲሄዱ ነው ጣጣው፤ የአንዱ «ለ» ለሌላው ሌላ ነገር ነው።

ጸሐፊዎቹ ልጆች መፍትሔውን በልምድ አወቁት። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «በምንድን ነው የተጻፈው?» ነበር። ፎንቱን በሌላ ዲስክ አምጥተው ይጭናሉ፤ ጽሑፉ ይነበባል። ለማረም ሲሞክሩ ግን እምቢ ይላል፤ ለካ የቁልፎቹን ምት ወደ ፊደል የሚለውጠው ፕሮግራም አብሮ አልመጣም! ያም ካልሆነ ያለው ምርጫ ወደ መጀመሪያው ማሽን መመለስ ነው።

ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩም ፊደሉ አልበቃ ብሎ ቅጥያ በመጨመር ነበር ያሟሉት። እሳቸው ግን ይህ ጣጣ አልገጠማቸውም። በመኪና የተመታ ደብዳቤ መልኩን ወረቀቱ ላይ ይዞ ይሄዳል፤ ጎንደር ቢደርስ ተቀባዩ መኪናው ይኑረኝ አይልም። ፋይል ግን ፊደሉን ቤቱ ትቶ ነው የሚሄደው።

መፍትሔው የመጣው ከስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል አካተተ፤ «ሀ» 4608 ቁጥርን ያዘች። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ከራሱ ጋር ይዞ መጣ። ዛሬ በአዲስ አበባ የተጻፈ «ሀ» ዋሽንግተን ላይ በስልክ ሲከፈት ያው «ሀ» ነው።

ስምምነቱ ግን ወደኋላ ተመልሶ የጥንቱን ፋይል አያርምም። በእነዚያ ዓመታት የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ ውሎችና ሳይታተሙ የቀሩ ድርሰቶች በየመሳቢያው ተቀምጠዋል። ቁጥራቸው አለ፤ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ግን እያረጀ ነው። ፎንቱ ከተገኘ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይቻላል። ካልተገኘ ጽሑፉ በሰው እጅ እያለ የማይነበብ ይሆናል። ስለዚህ አሮጌ ዲስክ ያለው ሰው ከመጣሉ በፊት አንድ ነገር ያድርግ፤ በምን ፕሮግራም እንደተጻፈ የሚያስታውስ ካለ ጠይቆ ስሙን ዲስኩ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍበት።