ፓዲስና ተራው የስልክ መስመር

ከቦሌ መንገድ ራስጌ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመው ፓዲስ መዛግብቱን ያደራጀው በሚኒሲስ ነበር፤ ይኸውም ብዙ ሰዎች ባንድ ጊዜ ለሚገለገሉበት ለኤችፒ 3000 ኮምፒዩተር በካናዳ የተሰናዳ ፕሮግራም ነው። ችግሩ ግን መረጃውን ማከማቸቱ ሳይሆን ለአህጉሩ ማዳረሱ ሆነ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ የተመረጠው ከትልቁ ኮምፒዩተር አጠገብ ሲታይ የሚናቅ ነበር፤ የግል ኮምፒዩተር፣ ሞደም፣ ተራ የስልክ መስመርና ፊዶኔት። ዘወትር ክፍት የሆነ ዓለም አቀፍ መስመር ኪራዩ አይቀመስም፤ ፊዶ ግን ደብዳቤዎችን አጠራቅሞና አጭቆ፣ ለንደን ወዳለው ግሪንኔት ደውሎ ያስረክባል። መስመሩ ቢቋረጥም ዝውውሩ ከቆመበት ይቀጥላል፤ ይህም በዚያ ዘመን ስልክ ለተቸገረ ቀላል ነገር አልነበረም። እርግጥ ነው፣ ደብዳቤው በቅጽበት አይደርስም፤ ተራውን ይጠብቃል። ኢንተርኔት ለአገሪቱ ሕዝብ እስከተከፈተበት እስከ 1997 ድረስ ግን ብዙ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ከውጭው ዓለም ጋር የተጻጻፉት በዚሁ መንገድ ነበር።