በእረፍት ቀንና በጉዞ ላይ በትንሽ ገንዘብ ጠግቦ መዋል

እህቴ፣ በእረፍት ቀንሽ ስትወጪ ወይም አገር ቤት ስትሄጂ ሳይታወቅሽ ገንዘብሽን የሚጨርሰው ምግብ ነው። ለምሳሌ ዱባይ ሆነሽ በየሳምንቱ ለምግብ 30 ድርሃም የምታወጪ ከሆነና ወደ 12 ብታወርጂው፣ በሳምንት 18፣ በ52 ሳምንት 936 ድርሃም ይተርፍሻል። ለዚህ መራብ አያስፈልግም፤ የትና ምን እንደሚበላ ማወቅ በቂ ነው።

መጀመሪያ መብትሽን እወቂ

የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68/2015 እና የኳታር ሕግ ቁጥር 15/2017 አሠሪ ለሠራተኛዋ ምግብ እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። ማዳም ለሽርሽር ወደ ሌላ አገር ይዛሽ ከሄደች አንቺ ሥራ ላይ ነሽ፤ ምግብሽም በእሷ ነው። ከደሞዝሽ ከተቆረጠ ቀኑንና መጠኑን ጽፈሽ ያዢ፤ ቅሬታ ስታቀርቢ ይጠቅምሻል።

ርካሽና የሚያጠግብ ምግብ

በአረብ አገር ርካሹ ምግብ ከባቄላ፣ ከሽምብራና ከምስር የሚሠራው ነው፦

• በየትኛውም አገር፦ ፉል በኩብዝ፣ ፈላፍል ሳንዱች፣ የምስር ሾርባ (ሾርበት አደስ)።
• ሊባኖስ፦ ከፉርን ቤት ዘዕተር የተቀባ መንኡሼ።
• ግብፅ፦ ሩዝ፣ ምስርና ፓስታ የተቀላቀለበት ኩሸሪ።
• የባሕረ ሰላጤው አገሮች፦ የሕንድና የፓኪስታን ሠራተኞች የሚበሉባቸው ትንንሽ ካፊቴሪያዎች፤ ዳልና ፓራታ እዚያ ታገኛለሽ።

ጾም ላይ ከሆንሽ «ቢዱን ሰምን፣ ቢዱን ሐሊብ» (ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት) በይ። ሞል ውስጥ ከመብላት ወጣ ብለሽ ውስጥ ለውስጥ ያሉትን ቤቶች ፈልጊ። ከመቀመጥሽ በፊት «ቢካም?» ብለሽ ዋጋውን ጠይቂ፤ ሊባኖስ ከሆነ «አደሽ?» ነው። እንጀራ ቤት ከጓደኛሽ ጋር ከሄድሽ አንድ በያይነቱ ለሁለት እዘዙ፤ ካልበቃችሁ እንጀራ ይጨመርላችኋል።

በርካሽ በልተሽ በቅጣት እንዳትከፍዪ

ዱባይ ሜትሮ ውስጥ መብላትም መጠጣትም 100 ድርሃም ያስቀጣል። በኩዌት በረመዳን ቀን በአደባባይ መብላት እስከ 100 ዲናር ወይም እስከ አንድ ወር እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። ሙስሊም ባትሆኚም ሕጉ ይመለከትሻል፤ ቤት በልተሽ ውጪ።

አገር ቤት ስትሄጂ

ቲኬት ሲቆረጥልሽ ምግብ ይኑረው አይኑረው ጠይቂ፤ በርካሽ አየር መንገዶች ብዙ ጊዜ ለብቻ ይከፈላል። ኤርፖርት ውስጥ ሁሉም ነገር ውድ ስለሆነ ዳቦ፣ ቴምር ወይም ቆሎ በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ውሃ፣ ጭማቂና እርጎ ብዙ ጊዜ ፍተሻ ላይ ይወሰድብሻል። ባዶ ጠርሙስ ግን ይዘሽ ማለፍ ትችያለሽ፤ ከፍተሻ በኋላ ከመጠጥ ውሃ ቧንቧ ትሞያለሽ።